እጃችንን ሰጥተን ማይክ ተቀበልን

ማንም አልከለከለንም። ቁጭቱን የሚያመርረው ይኸው ነው። የከለከለን ሰው ቢኖር ስሙን ጠርተን፣ ረግመንም ሆነ ከሰን እፎይ ባልን ነበር። ሴት ጊታር አትምታ የሚል አዋጅ በጃንሆይ ጊዜ አልወጣም፤ በደርግ ጊዜ መመሪያ አልወረደም፤ ከዚያ ወዲህም በር ላይ ቆሞ የመለሰን የለም። የተደረገው ከክልከላ የረቀቀ ነበር። ማይክ ሰጡን። ቀሚስ አሰፉልን፣ ከፊት አቆሙን፣ መብራቱን ወደ እኛ አዞሩልን። እኛም እልል ብለን ተቀበልን። እጃችን ባዶውን መቅረቱ የታወቀን ዘግይቶ ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት ኮልፌ ነው፣ ከአጠና ተራ ዝቅ ብሎ። በልጅነቴ ጊታር እጄ ገብቶ ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከእኔ የሚበልጠውን ኪሳራ ልናገር።

ጊታር አዲስ አበባ ሲገባ የእኛን ሴቶች እጅ ሥራ ፈትቶ አላገኘውም። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ሲነገር ኖሯል፤ በገና በጾም ወራት የወይዛዝርቱ ጭምር ጓደኛ ነበር። ክራሩም ቢሆን በሴት እጅ ነበር። ሜሪ አርምዴ ነበረች። አስናቀች ወርቁ ነበረች። አስናቀች ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት መድረክ ላይ የተወነች፣ የዘፈነች፣ ከሁሉም በላይ ራሷን በራሷ ያጀበች ሴት ናት። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ድምፅዋንና ውበቷን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ እጇ ነው።

ክራር የሚገርፍ ሰው ያየ ያውቀዋል። ቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከአውታሮቹ ጀርባ ሆነው የማይፈለገውን ድምፅ ያፍናሉ፣ የሚፈለገውን ይለቃሉ። ከውጭ ሲያዩት ዝም ብሎ መምታት ይመስላል እንጂ ሥራው ያለው በማይታየው እጅ ላይ ነው። አውታሩ ብዙውን ጊዜ ስድስት ነው፤ የጊታርም ስድስት ነው። ልዩነቱ ጊታር ላይ ግራ እጅ ማፈኑን ትቶ መጫን መልመዱ ነው። ጣት ይቆስላል፣ ከዚያ ይደድራል፣ ከዚያ ይለምዳል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ጣቷ ላይ ይዛ ያደገች ሴት ወደ ጊታር ለመሻገር የሚቀራት ይህችው ናት። ቀምሼዋለሁና አውቃለሁ። ዓለም ሮክ የሚለውን ሙዚቃ ገና ሲወልድ የእኛ ሴቶች ከጊታሩ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ነበር። ያቺን እርምጃ ሳንራመድ ቀረን።

አስናቀች ስትዘፍን 'ጀምሪ' የሚላት አልነበረም። ቅኝቱን ለጉሮሮዋ እንዲስማማ የምትቃኘው ራሷ ናት። ታዳሚው ሲሞቅ ታስረዝመዋለች፤ ሲሰለች ትቆርጠዋለች፤ ልታሽሟጥጥበት የፈለገችው ሰው ሲገባ ክራሯን ዝቅ አድርጋ ግጥሟን ታስቀድማለች። ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነበር። መሣሪያ የያዘ ሰው ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑም በየት እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚቆም፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚወስን ነው። ድምፃዊቷ ይህን ሁሉ በልመና ነው የምታገኘው።

ታዲያ ያ ሥልጣን ከእጃችን እንዴት ወጣ? ዘመናዊው ሙዚቃ ወደ እኛ የገባው በካምፕ በኩል ነው። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። መሣሪያው ውድ ነው፤ ከውጭ ይመጣል፤ የሚሰጠውም ተሰልፎ፣ ኖታ ተምሮ፣ ደመወዝ እየተቆረጠለት ለሚጫወት ወታደር ነው። ወታደሩ ወንድ ነው። ሴቶቹ ለድምፃቸው ተፈለጉ። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ ጋር ዘፈነች፣ ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ጋር። የሁለቱን ድምፅ የሚስተካከል ዛሬም ስፈልግ አላገኝም፤ ነገር ግን ሁለቱንም ከኋላቸው የተደረደረውን የናስና የገመድ ሠራዊት እያዘዘ የሚያስገባቸው ሌላ ሰው ነበር። በኋላ ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ሮሃ እያሉ የግል ባንዶች ሲመጡ፣ ካምፑ ቀረ፤ አሰላለፉ ግን አልቀረም። ወንድ ከኋላ በመሣሪያ፣ ሴት ከፊት በማይክ።

ይህ የዘመኑ ነገር ነው፣ በዚያን ጊዜ ሌላ ማሰብ አይቻልም ነበር የሚለኝ ሰው አለ። ይቻል ነበር። ጊኒ ችላለች። እ.ኤ.አ. በ1961 የሴኩ ቱሬ መንግሥት የጊኒ ጀንዳርመሪ ባልደረባ ከሆኑ ሴቶች ብቻ የተውጣጣ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ከጊዜ በኋላ ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ድራሙን፣ ሳክስፎኑን ሁሉ የያዙት ሴት ፖሊሶች ነበሩ። ዓለም ሌዛማዞን ደ ጊኔ ብሎ አወቃቸው። ፓሪስ ላይ ተጫውተው የቀዱት አልበም እ.ኤ.አ. በ1983 ወጥቶ ዛሬም ይደመጣል። ልብ በሉ፤ የግል ባንድ አይደለም፣ የአመፀኛ ወጣቶች ስብስብ አይደለም። የመንግሥት ፖሊስ ነው! እኛም የመንግሥት ፖሊስ ነበረን። እዚሁ ሰፈራችን ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነበር፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚያ ነው። ሰውየው በዚያው ጉዞው ኮልፌ ከመምጣቱ በፊት ጊኒንም ረግጦ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የጎበኛቸው ሁለት አገሮች ናቸው፤ አንደኛው ለሴት ፖሊሶቹ ጊታር ሰጠ፣ ሌላኛው ከ3,000 ዓመት ታሪኩ ጋር ዝም አለ። ኮልፌ ያደግን ልጆች ማንዴላ እዚህ ተኩስ ተማረ እያልን ስንኮራ ኖረናል። መኩራቱስ ባልከፋ።

እንግዲህ የራሴን። አክስቴ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ ማታ ማታ ደንበኛዋ ሲበዛ ክራር ትገርፋለች። ጎረቤት 'አዝማሪ' እያለ ያማት ነበር። በገና የእግዜር፣ ክራር የሰይጣን የሚለውን ተረት ቄሱም ሰካራሙም እኩል ይነግራት ነበር። እኔ ሥሯ ቁጭ ብዬ ጣቷን አያለሁ። ሳታስተምረኝ ተማርኩ። በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም እንደ ሰፈሬ ልጆች ሁሉ ገባሁ፤ ለውዝዋዜ ነበር የወሰዱኝ። የምንለማመደው ከኅብረት ሱቁ ጎን ባለ ክፍል ውስጥ፣ የሳሙናና የስኳር ጆንያ እየሸተተን ነው። አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ድራም፣ ሁለት ጊታር ነበረን።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። በየሰፈሩ ወንዶቹ ልጆች ተመዘገቡ፣ ተወሰዱ፣ ያልተወሰደውም ተደበቀ። ኪነታችን ጊታሪስት አጣ። ይህንን ነገር ቆይቼ ሳስበው ያቃጥለኛል፤ የእኛ ብቻ አይመስለኝም። በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ጊታር ተሰቅሎ፣ የሚመታው ልጅ ሄዶ፣ ከሥሩ እጃቸው የማይሰንፍ ሴቶች ለውዝዋዜ ነጠላ ሲያስተካክሉ የነበሩበት ጊዜ ነው። በሩ በራሱ ተከፍቶ ነበር። በመከራ የተከፈተ በር መሆኑን አልረሳሁም፤ ከተወሰዱት ልጆች ያልተመለሱ አሉ። ግን ተከፍቶ ነበር።

እኔ ገባሁበት። ጊታሩን ከግድግዳው አወረድኩት፤ የሳቀ ነበር፣ የተቆጣ ግን አልነበረም። የግራ እጄ ጣቶች ቆሰሉ፣ ደደሩ። ለኪነቱ ዘፈኖች የሚበቃውን ኮርድ ለመያዝ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰውዬ ጋሼ እንለው ነበር፤ አንድ ቀን ዘወር ብሎ አየኝና 'አንቺ ልጅ፣ ክራር ነው እንዴ የምትመቺው?' አለኝ። መስደቡ መስሎኝ ደነገጥኩ። አይደለም፤ ቀኝ እጄ ሌላ ጊታሪስት የማያመጣውን ምት ያመጣ ነበር። 'እንደሱ አድርጊው፣ እንዳትተይው' አለኝ።

በከፍተኛችን ያሉ ቀበሌዎች ውድድር ሲቃረብ ዘፋኛችን ተዳረች። ኃላፊያችን ጠራኝና 'ድምፅ አለሽ፤ ጊታሩን ትመቻለሽ ወይስ ትዘፍኛለሽ? አንዱን ምረጪ' አለኝ። አላስገደደኝም። ቀሚሱ ቢጫ ነበር። ማይክ መረጥኩ።

ጊታሩ የተሰጠው ሦስት ኮርድ ለሚያውቅ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ለጣቱ በሚመቸው ቶን ይመታል፣ እኔ ጉሮሮዬ እስኪላጥ እከተለዋለሁ። ዝቅ አድርግልኝ ስለው 'ከዚህ ሌላ አይወጣም' ይለኛል። እንደሚወጣ አውቃለሁ! እጄ ያውቀዋል። ግን ጊታሩ እሱ ጋ ነው። ሥልጣን ያልኩት ይህንን ነው።

ስለ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 አርካንሳ ውስጥ የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። እናቷ ወንጌል ሰባኪና ማንዶሊን ተጫዋች ነበረች፤ ልጅቷ ገና በሕፃንነቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጊታር ይዛ ቆመች። ከዚያ መዝሙሯን ይዛ ወደ ሌሊት ክበብ ገባች፤ ምእመናኑም አኮረፏት። አክስቴ ጋ የመጡት ቄስ እንግሊዝኛ ቢችሉ እዚያም ይመጡ ነበር። ጊታሩን በኤሌክትሪክ አስጮኸችው፣ በዚያ ላይ መዝሙሯን አስቀመጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የቀዳችው አንዱ መዝሙር በማግስቱ ዓመት ከዓለማዊው ዘፈን ጋር ተሰልፎ በሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ብዙ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ሮክ ኤንድ ሮል ከመወለዱ በፊት የተሰማ ሮክ ይሉታል። ሊትል ሪቻርድን የ14 ዓመት ልጅ ሳለ መድረኳ ላይ አውጥታ ያዘፈነችው እሷ ናት። ቸክ ቤሪም፣ ኤልቪስም፣ ጆኒ ካሽም ሲሰሟት ነው ያደጉት።

እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ በአንድ የተዘጋ ባቡር ጣቢያ የተቀረጸች ፊልም አለች። ሮዜታ ከፈረስ ጋሪ ትወርዳለች፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ዘንቧል፤ ካፖርቷን እንደለበሰች ነጩን ጊታር አንገቷ ላይ ታጠልቃለች። ዝናቡን አይታ ሊጀመር የታሰበውን ዘፈን አስቀየረችና ስለ ዝናብ የሚዘመረውን መዝሙር ጀመረች። እዚህች ላይ ቆም ብዬ ፊልሙን ደጋግሜያታለሁ። የዕለቱን አየር አይቶ ዘፈን መቀየር! አስናቀች የምታደርገው ይህንኑ ነበር። እኔ በቢጫ ቀሚሴ ይህን ማድረግ አልችልም ነበር፤ የሚዘንብ ቢዘንብ የምዘፍነው የተለማመድነውን፣ በተሰጠኝ ቶን ነው።

አገሯም ቢሆን አላከበራትም። እ.ኤ.አ. በ1973 ስትሞት መቃብሯ ከ30 ዓመት በላይ ድንጋይ እንኳ ሳይቆምለት ኖረ። ካሳደገቻቸው ወንዶች ብዙዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ሲቀበል እ.ኤ.አ. በ1986 ገቡ፤ እሷ በ2018። በእሷ ዘመን ሜምፊስ ሚኒ የምትባልም ነበረች፤ ቢግ ቢል ብሩንዚ የተባለው ዝነኛ ጊታሪስት ቺካጎ ላይ በውድድር እንዳሸነፈችው ራሱ ጽፏል። ኤልዛቤት ኮተን ደግሞ አለች፣ ግራኝ፣ ጊታሩን ገልብጣ የምትመታ። በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው 3 ዶላር ከ75 ሣንቲም ገዛችው። አገባች፣ ቤተ ክርስቲያኗም ዓለማዊ ዘፈን ተይ አለቻት፣ ጊታሩን ወደ 40 ዓመት ገደማ ተወችው። ሸምግላ የቤት ሠራተኛ ሆና በገባችበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጊታር አግኝታ አወረደችው። ዘጠና ዓመት ገደማ ሲሆናት ግራሚ ተሸለመች። ይህ ታሪክ ለብዙ ሰው ማጽናኛ ነው፤ እኔን አላጽናናኝም። እሷ አርባ ዓመት የተወችው ጊታር ግድግዳ ላይ ጠበቃት። የእኛ ኪነት ዕቃ መንግሥት ሲለወጥ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም።

የእኛስ የክብር አያያዝ? ከኮልፌ አስናቀች ጋ መድረስ የታክሲ መንገድ ነበር። አስናቀች እስከ መስከረም 2004 ዓ.ም. በሕይወት ነበረች። ዘፈኖቿን በሲዲ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮፒክስ ተከታታይ ያወጣው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ ሲዲውንም ባለ ክራሯ እመቤት ብሎ ሰየመው። እኔና የኔ ዘመን የኮልፌ ልጆች፣ ክራርም ጊታርም የነካካን ሴቶች፣ አንዳችን ሄደን 'እትዬ፣ እስቲ የግራ እጅሽን አሳዪኝ' አላልናትም። ስትሞት ግን ሁላችንም አለቀስን፤ ማልቀስ ላይ ማን ይቀድመናል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ፒያኗቸውን ከእኛ ይልቅ ባዕድ ነው ያዳመጠው። እማሆይ ማይክ አልፈለጉም። የታወቁበት ሙዚቃ ከእጃቸው ወጣ፤ ለዚህ ይሆናል ማንም ቶን ሳይመርጥላቸው የቀረው።

ሮክ በራሳችን ስልት እንጫወት ብሎ ጃኖ ባንድ ሲነሳ ደስ ብሎኝ ነበር። ኤርታሌ የተሰኘው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። ፎቷቸውን ሳይ ሁለት ሴቶች አየሁ፣ ሃሌሉያ ተክለ ጻድቅና ሔዋን ገብረ ወልድ። እጃቸውን ፈለግሁ። ማይክ ነበር። ድምፃቸው ግሩም ነው፤ ቅሬታዬ እነሱ ላይ አይደለም። ግን በክብር ዘበኛ ጊዜ የቆምንበት ቦታ ላይ፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በሮክ ባንድ ውስጥ ራሳችንን ቆመን አገኘሁት። ቤቴ ያሉትን የሴት ዘፋኞች ካሴቶች አንድ በአንድ አውጥቼ ሽፋናቸውን ማንበብ ጀመርኩ፤ ፎቶው የሴት፣ ቅንብሩ የወንድ፣ ጊታሩ የወንድ። ሰልችቶኝ ተውኩት።

ሴት ጊታሪስት የለችም አልልም። በወንጌላውያን መዘምራን መካከል ጊታር ከገባ ቆይቷል፤ እዚህ አካባቢም እሑድ ጠዋት ጊታር ይዛ የምትወጣ ልጅ አያለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ከስልኳ ላይ እያየች ነው የተማረችው። በግድግዳው በኩል ስትለማመድ እሰማታለሁ፤ ባቲን በኤሌክትሪክ ጊታር ትሞክረዋለች፣ አንዷን ድምፅ ሁልጊዜ ትስታታለች፣ ደግማ ትመለስባታለች። ባለፈው ሰሞን እናቷ ምከሪያት ብላ ላከቻት። ሰርግና ሆቴል የሚሠራ ባንድ ሰምቷታል፤ ወዷታል። ጊታሪስት አለን፣ አንቺ ዝፈኚ ብለዋታል።

ቡና አፈላሁላት። ይህን ሁሉ ልነግራት ነበር፤ ጊኒን፣ አስናቀችን፣ ቢጫውን ቀሚስ። አንድ ሁለቱን ጀመርኩላትና ትዕግሥቷ ሲያልቅ አየሁት።

'እትዬ፣ ማይክ እኮ ይከፍላል' አለችኝ። 'ጊታር ይዤ ማን ይቀጥረኛል?'

እውነቷን ነው። ኪራይ አለባቸው።

'ስንት ነው የሚከፍሉሽ?' አልኳት። ነገረችኝ።

'ለጊታሪስቱስ?'

'እኔ እንጃ፣ አልጠየቅኩም።'

'ጠይቂ' አልኳት። 'ደግሞ ቶኑን ማን እንደሚመርጥ አብረሽ ጠይቂ።'